በልቶ የማያድግ ልጅ፦ ለሀዋሳ ወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

ሀዋሳ በረሃብ የምትታማ ከተማ አይደለችም። ዓሣው ከሐይቁ ይወጣል። አቮካዶውና ሙዙ ከሲዳማ ወረዳዎች በአይሱዙ ተጭኖ ይገባል። በቆሎው፣ ቦሎቄው፣ ቆጮው ገበያ ላይ ተደርድሮ ይውላል። የሕጻናት የምግብ እጥረት ሲነሳ ብዙዎቻችን ወሬው ስለ ድርቅ አካባቢ የሚመስለንም ለዚህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 የኢትዮጵያ ሕጻናት 37ቱ ለዕድሜያቸው ሊኖራቸው ከሚገባው ቁመት በታች ነበሩ፤ ማለትም ቀንጭረው ነበር። ለቁመታቸው የሚመጥን ክብደት የሌላቸው፣ ማለትም የከሱት፣ 7 ብቻ ነበሩ። መንደሩ አይቶ «ይሄ ልጅ ተጎድቷል» የሚለው እነዚህን ሰባቱን ነው። ከቀነጨሩት አብዛኞቹ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ እየሮጡና እየሳቁ፣ ማንም ልብ ሳይላቸው ያድጋሉ። «ያድጋሉ» ማለት ከተቻለ ነው።

ይህ መመሪያ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ለሆነው ልጅዎ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ምግብ የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ውሃም፣ ቅቤም፣ አጥሚትም አይጨመርበትም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጡት ብቻውን አይበቃም። መቀንጨር በአብዛኛው የሚመጣውም በዚህ ጊዜ፣ ከስድስተኛው ወር እስከ ሁለተኛው ዓመት ባለው መስኮት ውስጥ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የጎደለውን ቁመት መመለስ በጣም ከባድ ስለሆነ ሥራውን አሁን ይጀምሩ።

አንደኛ፦ ዓይንዎን አይመኑ፣ ያስለኩ

ልጁን በየወሩ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ክብደቱን ያስመዝኑ፤ የእድገት መከታተያ ካርዱን ይዘው መሄድ አይርሱ። እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ክትትሉ ወርሃዊ ነው። ባለሙያዋ ነጥቡን ካርዱ ላይ ስታስቀምጥ ቆመው ይመልከቱ። ዋናው ነገር ነጥቡ የቱ ቀለም ላይ እንዳረፈ ብቻ አይደለም፤ መስመሩ ወዴት እያመራ ነው የሚለውም ነው። ካለፈው ወር ጋር ሲያያዝ ወደ ላይ ካልወጣ፣ ልጁ ምንም ያህል ደስተኛ ቢመስል አንድ ነገር ጎድሏል። «ለምን አልጨመረም?» ብለው ይጠይቁ፤ «ደህና ነው» የሚል መልስ ብቻ ተቀብለው አይውጡ።

ቁመት ብዙ ጊዜ ሳይለካ ይታለፋል። እርስዎ ይጠይቁ። ለማመሳከሪያ እንዲሆንዎ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አማካይ ቁመት 75.7 ሴንቲ ሜትር፣ የሴቷ 74 ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ወንዱ 87.8፣ ሴቷ 86.4 ይደርሳሉ። በሁለት ዓመቱ ወንዱ ከ81.7፣ ሴቷ ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆኑ ቀንጭረዋል ይባላል። ልኬቱ ተጋድመው የሚወሰድ ነው። ቤት ውስጥ መሞከር ከፈለጉ ልጁን በጀርባው ወለል ላይ ያስተኙትና አናቱ ግድግዳ እንዲነካ ያድርጉ። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ እርስዎ ጉልበቱን ቀስ ብለው ወደ ታች ተጭነው እግሩን ያቅኑና ውስጥ እግሩ ላይ መጽሐፍ ያቁሙ። ከግድግዳው እስከ መጽሐፉ ያለውን ይለኩ። ልጁ ይንፈራገጣል፤ ሁለት ጊዜ ይለኩና ያመሳክሩ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ክርክር ይነሳል፦ «እኛ ቤት ሰው ሁሉ አጭር ነው፣ ዘር ነው።» ይህ መለኪያ የተሠራው ግን በአንድ አገር ልጆች ላይ አይደለም። በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በአግባቡ ጡት የጠቡና በአግባቡ የተመገቡ ልጆች ተለክተው፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ቁመታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። አባትም አያትም በልጅነታቸው ቀንጭረው ሊሆን ስለሚችል የቤተሰቡ አጭርነት በራሱ ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛው ልኬት የክንድ ነው፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች ይሠራል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቀለም ያለውን መለኪያ በግራ ክንድ መሀል፣ በትከሻና በክርን መካከል ይጠቀልላሉ። 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ቀይ ነው። ክንድ የሚያሳየው መክሳትን እንጂ መቀንጨርን አይደለም፤ ስለዚህ አረንጓዴ ስለወጣ ብቻ ቁመቱን ማስለካት አይተዉ።

ሁለተኛ፦ ማንኪያውን ዘንበል ያድርጉ

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ የዚህ ከተማ ልጆች ትልቁ ጠላት ባዶ ድስት ሳይሆን ቀጭን አጥሚት ነው። የሕጻን ሆድ የሚይዘው በአንድ ኪሎ ክብደቱ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከአንድ የውሃ ብርጭቆ የማይበልጥ ነገር ሲገባለት ጠገበ ማለት ነው። ያ ብርጭቆ በአብዛኛው ውሃ ከሆነ ልጁ ጠግቦ ይተኛል፤ ሰውነቱ ግን ምንም አላገኘም። እናትየው «ልጄ ጥሩ ይበላል» ስትል እውነቷን ነው፤ የካርዱ መስመር ግን አልወጣም።

ብዙ ቤት የሚታየውን ልንገራችሁ። አጥሚቱ በጡጦ ስለሚሰጥ፣ እንዲወርድ ተብሎ የጡጦው ጫፍ በጋለ መርፌ ወይም በምላጭ ይሰፋል። ያም አልበቃ ሲል አጥሚቱ ይበልጥ ይቀጥናል። ጡጦውን ያስቀምጡት። ለማጽዳት ያስቸግራል፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ ምግቡንም ያቀጥናል። በማንኪያና በራሱ ሳህን ያብሉት።

መፈተኛው ቀላል ነው። የተዘጋጀውን ገንፎ በማንኪያ አንስተው ያዘንብሉት። ወዲያው እንደ ሻይ ከፈሰሰ ቀጭን ነው። ማንኪያው ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከወረደ ትክክል ነው። ልጁ እንዳይታነቅ የሚፈሩ ከሆነ ውፍረቱን ሳይሆን ጓጓላውን ይቀንሱ፤ ልም አድርገው ይፍጩ፣ ይዳጡ። ሰባት ወር የሞላው ልጅ ጥርስ ባይኖረውም ወፍራም ገንፎ ይውጣል።

ዱቄቱን እንዲህ ያዘጋጁ። ሦስት እጅ እህል (በቆሎ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ያለዎትን) እና አንድ እጅ ጥራጥሬ (አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር) ይውሰዱ። ለቅመው፣ ጥራጥሬውን ዘፍዝፈውና ከክተው፣ ለየብቻ ቆልተው በአንድነት ያስፈጩ። ቦሎቄን ግን ከዚህ አውጡት። ጥሬ ወይም ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ ይጎዳል፣ ቆልቶ መፍጨት ብቻ አያበስለውም። ቦሎቄ ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውሃውን ደፍተው፣ እስኪፈርስ ቀቅለው፣ ቆዳውን አውልቀው በመዳጥ ለገንፎው ቢጨምሩት ከዱቄቱ የተሻለ ነው፤ ርካሽም ነው።

አሁን የምነግራችሁን ዘዴ ብዙ ሰው አያውቀውም። ገንፎው በጣም ወፍራም ሆኖ ልጁ እምቢ ካለ ውሃ አይጨምሩ። ጥቂት ገብስ ወይም በቆሎ እቤት አብቅለው፣ አድርቀው፣ ልም አድርገው ይፍጩ። ወፍራሙ ገንፎ ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል የዚህን ብቅል ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምረው ያማስሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይላላል፤ ብቅሉ ስታርቹን ይሰባብረዋልና። ከዚያ እንደገና አንድ ጊዜ ያፍሉትና ይስጡት። ገንፎው ቀጠነ እንጂ ውስጡ ያለው እህል አልቀነሰም። ለጠላ የሚሸጠውን ብቅል ግን ለልጅ አይጠቀሙ፤ ሻጋታ ሊኖርበት ይችላል።

ከዚያም ያበልጽጉት። በእያንዳንዱ ሳህን አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ለጋ ቅቤ፣ በውሃ ፋንታ ወተት፣ ሲገኝ አንድ የተመታ እንቁላል ገና እሳት ላይ እያለ ጨምረው በደንብ ያብስሉት። በቆርቆሮና በፓኬት የሚሸጡ የሕጻናት ዱቄቶችም በዚሁ መርህ ነው የሚሠሩት። በ1950ዎቹ በስዊድን እገዛ የተቋቋመው የሕጻናት አመጋገብ ተቋም ያወጣልን ፋፋ ራሱ የእህል፣ የጥራጥሬና የወተት ዱቄት ድብልቅ ነበር። ገዝቶ መጠቀም አይከፋም፤ ግን እሱንም ያቀጥኑታል! ውድ ዱቄት በብዙ ውሃ መበጥበጥ ገንዘብን መበጥበጥ ነው።

ሦስተኛ፦ ቆጮና ቡላን ብቻቸውን አያቅርቡ

ይህን የምጽፈው በፍቅር ነው፤ ሲዳማ ላይ ሆኖ እንሰትን የሚያማ ሰው የለም። እንሰት ድርቅን ተቋቁሞ ቤተሰብ የሚያቆም ተክል ነው። ነገር ግን ቆጮም ቡላም ጉልበት ሰጪ ስታርች ናቸው፤ ፕሮቲናቸው እጅግ ትንሽ ነው። የቡላ ገንፎ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ልጆች ይወዱታል፣ ሲበሉም ቶሎ ይጠግባሉ። ወጥመዱም ይኸው ነው።

መፍትሔው ከአያቶች ቤት አለ። ቡሪሳሜ የሚባለው የቆጮ ምግብ ሲቀርብ ቅቤ ተለውሶበት፣ ከእርጎ ወይም ከአሬራ ጋር ነው። ያንን ጓደኝነት ለልጁም ይጠብቁለት። ቡላውን በወተት ያገንፉት፣ እንቁላል ይምቱበት። ቆጮው ሲቀርብ የተዳጠ ቦሎቄ፣ ልም ብሎ የተከተፈና በዘይት የበሰለ ጎመን ጎኑ ይኑር። በአጭሩ፣ ነጭ ነገር ብቻ ያለበት ሳህን ያልተጠናቀቀ ሳህን ነው።

ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም ያለው ስኳር ድንች ካገኙ ነጩን ትተው እሱን ይግዙ። በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው፤ እዚሁ ሀዋሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ የተሠራባቸው ቱላና ኩልፎ የሚባሉ ዝርያዎች አሉ። አቮካዶ ደግሞ ለሕጻን የተፈጠረ ይመስላል፤ እሳት አይፈልግ፣ ጥርስ አይፈልግ፣ ስቡ ብዙ ነው። ይርጋለም ላይ ዘይቱ ተጨምቆ ወደ ውጭ የሚላክ ፍሬ እዚህ ያለ ልጅ ሳይቀምሰው ማደጉ ያሳዝናል።

አራተኛ፦ በየቀኑ አንድ ነገር ከእንስሳ

እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሥጋ ወይም ጉበት፤ ከእነዚህ አንዱ በየቀኑ ቢገኝ ጥሩ ነው። ሁሉንም አልጠየቅሁም። ጥቂት ዶሮ ያላችሁ እንቁላሉን ሸጣችሁ ለልጁ ብስኩት አትግዙ። ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ሒሳቡም ኪሳራ ነው።

ዓሣ የሀዋሳ ልጅ ዕድል ነው፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጥሬውን በዳጣ መብላት ለአዋቂ ልማድ ይሁን፣ ለሕጻን ግን ፈጽሞ አይሰጥ። ሻጩን «ለልጅ ነው፣ ጎኑን አውጣልኝ» ይበሉት፤ አጥንት የሌለበትን የጎን ሥጋ ያወጣልዎታል። በጥቂት ውሃ ቀቅለው ያብስሉ። ከዚያ ሳህን ላይ አድርገው በታጠበ እጅ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እያሹ ይፈርፍሩት። ዓይን ያላየውን ቀጭን አጥንት ጣት ያገኘዋል። ፍርፋሪውን ከገንፎ ወይም ከተዳጠ ድንች ጋር ይቀላቅሉ። ዓሣው በጠዋት የተገዛ፣ ዓይኑ ያልደፈረሰ ይሁን።

የጾም ነገርም መነሳት አለበት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕጻን የጾም ግዴታ የለበትም። ብዙ እናቶች ይህን ያውቃሉ፤ ችግሩ ድስቱ ላይ ነው። ቤተሰቡ በሚጾምበት ዕቃ ወተትና እንቁላል እንዳይነካካ ሲባል ልጁም አብሮ ይጾማል። ለልጁ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስትና ሳህን ይግዙ፤ ሐሳብ ከገባዎት የነፍስ አባትዎን ያማክሩ።

አምስተኛ፦ ስንት ጊዜ፣ ስንት፣ በማን እጅ

ከ6 እስከ 8 ወር ላለ ልጅ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመግቡ። ከሁለትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩባያ ያሳድጉ። ከ9 ወር ጀምሮ ሦስትና አራት ጊዜ፣ በየገበታው ግማሽ ኩባያ ያህል ይሁን። ዓመት ከሞላው በኋላ ከሦስት አራተኛ እስከ አንድ ሙሉ ኩባያ፣ በመሀል አንድና ሁለት ጊዜ መክሰስ ይጨመር። ኩባያ ስል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከትልልቆች ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ምን ያህል እንደበላም ማንም አያውቅም። የራሱ ሳህን ይኑረው። አያስገድዱት፣ አፍንጫውን አይያዙ፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው እያናገሩ ያብሉት። እምቢ ካለ ትንሽ ቆይተው ደግመው ይሞክሩ። ስልክ ከፍቶ ልጅን ማብላት ልማድ ሆኗል፤ ልጁ ግን አፉን ይከፍታል እንጂ ምግቡን አያውቀውም።

ውሎው ከሌላ ሰው ጋር ለሆነ ልጅ ጉዳዩ ይከብዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ የሚሰጠው 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው። ጡት ብቻ የሚጠባበት ጊዜ 180 ቀን ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩም ሆነ በሆቴሎቹ የምትሠራ እናት ያንን የሦስት ወር ክፍተት የምትሞላው በራሷ ጥበብ ነው፤ በእኔ እምነት ይህ የእናቶች ስንፍና ሳይሆን የአሠራር ጉድለት ነው። ለጊዜው የሚቻለው ይህ ነው። ከሥራ በፊትና እንደተመለሱ ወዲያው ያጥቡ፣ ሌሊትም ያጥቡ። ወተቱን በተቀቀለ ክዳን ባለው ዕቃ አልበው ይተዉ፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ከአራት ሰዓት በላይ አይቆይ። ከስድስት ወር በላይ ለሆነው ልጅ ደግሞ ዱቄቱን ለክተው፣ ዘይቱንና እንቁላሉን ለይተው ለሞግዚቷ ወይም ለጎረቤት ያስረክቡ፤ «አብዪው» ብቻ አይበሉ። ገንፎው እንዴት እንደሚወፍር በማንኪያው ያሳዩዋት። ማታ ሲመለሱ «በላ?» ከማለት ይልቅ ምን ያህል ዱቄት እንደቀረ ይመልከቱ።

ሻይና ቡና ለዚህ ዕድሜ አይሰጥም፤ የምግቡን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል። ሻይ በዳቦ የልጅ ቁርስ አይደለም። የታሸገ ጁስም እንዲሁ።

ስድስተኛ፦ ሲታመም አያስርቡት

ተቅማጥ ሲመጣ ምግብ መከልከል የቆየ ስህተት ነው። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በማንኪያ ደጋግመው ይስጡት። ከጤና ጣቢያ ዚንክ ይጠይቁ፤ ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 እስከ 14 ቀን ነው። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩን ይጨርሱ። ከዳነ በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታ ይጨምሩለት። ምግብ ከማብሰልና ከማብላት በፊት፣ ከመጸዳጃ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ዶሮ ልጁ በሚድህበት ወለል ላይ አይዋል። የሐይቅ ውሃ ለልጅ አይቀዳም። በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ፣ ከሁለት ዓመት ጀምሮም የሆድ ትል መድኃኒት ሲሰጥ አያሳልፉት።

ሰባተኛ፦ መቼ በፍጥነት ይሂዱ

ክንዱ ቀይ ላይ ከወደቀ በዚያው ቀን ይሂዱ። የሁለቱንም እግሮቹን ጀርባ በአውራ ጣትዎ ለሦስት ሰከንድ ይጫኑ፤ ጣትዎ ሲነሳ ጉድጓድ ከቀረ ክንዱ አረንጓዴ ቢሆንም ይሂዱ። ያ እብጠት ውፍረት አይደለም። ያበጠ ልጅ «ደልቧል» ተብሎ እቤት እንዳይቆይ አደራ።

ጤና ጣቢያው መጀመሪያ የምግብ ፍላጎቱን ይፈትናል። ፕላምፒ ነት የተባለውን የሕክምና ምግብ ከበላና ሌላ ሕመም ከሌለው እቤቱ ሆኖ በየሳምንቱ እየተመላለሰ ይታከማል፤ እሽጉ በነፃ ነው የሚሰጠው። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ በጽኑ የተጎዳ ልጅ ከእናቱ ጋር ለሳምንታት ሆስፒታል ይተኛ ነበር፣ ሌሎቹ ልጆች ደግሞ እቤት ይቀሩ ነበር። በቤት የማከሙ ዘዴ ቀደም ብሎ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በነበረው ድርቅ ጊዜ፣ ከእኛ ብዙም የማይርቀው የሀዲያ ዞን ነው። ልጁ ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ከደከመ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም ወደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል፤ «ወረፋ አለ» ብለው አይዘግዩ።

ፕላምፒ ነት መድኃኒት ነው። አንዱ እሽግ 500 ካሎሪ አለው። ለወንድም ለእህት አይካፈልም፣ ለገበያም አይወጣም። የሚጠባ ልጅ መጀመሪያ ጡት፣ ቀጥሎ እሽጉን፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ይውሰድ። ባዶ እሽጎቹን ሰብስበው በቀጠሮው ይዘው ይሂዱ፤ ምን ያህል እንደበላ ባለሙያዋ ከዚያ ታያለች። አንድ ልጅ ቀይ ወይም ቢጫ ከሆነ በቤቱ ያሉትን ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሌሎች ልጆችም በዚያው ቀን ያስለኩ፤ የሚበሉት ከአንድ ድስት ነውና። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ካለችም የራሷን ክንድ ታስለካ። ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እሷም ድጋፍ ያስፈልጋታል፤ ሲመዘገቡ ለባለሙያዋ ይንገሯት።